የአጫጁ ደመወዝና የሰንበቴው ዳቦ
(በመንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ በሚገኝ አጥቢያ፣ በሰንበቴ ማኅበርተኞች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን በሰላም አደረሳችሁ። የሰንበቴያችን አለቃ፣ ሙሴው፣ እንድናገር ሲያዙኝ ስለ ፍቅር ጥቂት ብዬ ልቀመጥ አስቤ ነበር። ባለፈው ኅዳር ያየሁት ነገር ግን እንቅልፍ ስለ ነሣኝ እርሱን እነግራችኋለሁ።

እሑድ ነው፤ ቅዳሴ ወጥቶ ሰንበቴ ቤት ገብተናል። ተረኛው የማኅበራችን አባል፣ ካህናቱ ድፎውን ባርከው ከሰጡት በኋላ፣ ለነዳያን ሊያድል ወደ ደጅ ወጣ። ከተሰለፉት መካከል አንድ ወጣት አለ። እጁን ሲዘረጋ መዳፉን አየሁት፤ የማጭድ እጀታ ውኃ አስቋጥሮት፣ አንዱ ፈንድቶ፣ በጨርቅ ታስሯል። ጠጋ ብዬ፣ «ልጄ፣ ሥራ አጣህ እንዴ?» አልሁት። «ሥራስ ነበረኝ አባባ፤ ገብስ ሳጭድ ነው የሰነበትሁት። ደመወዜን ገና አልተቀበልሁም» አለኝ። የማን ማሳ እንደሆነ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ዳቦውን የቆረሰለትና ደመወዙን የያዘበት አንድ ሰው ነበር።

ለመፍረድ አልቸኮልሁም። እኔም ቤቴ ያለችውን ሠራተኛ የሁለት ወር ደመወዝ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያልሁ አሳድሬባት አውቃለሁ። ልጅቱ አንድ ቀን እንኳን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጥሬው ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሀውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል። ነገ አላለም።

ያ ባለ ማሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ታውቁታላችሁ፣ ለእንግዳ አልጋውን የሚለቅ ነው። የጎዳው ተዝካር ነው። ለአባቱ የዐርባ ቀን ተዝካር አንዱን በሬ ሸጦ ሌላውን አረደ፤ ጠላና አረቄ ለሦስት ቀን ወረደ፤ የጎደለውን ከአራጣ አበዳሪ አመጣ። በልጉም ደረቀበት። የመኸሩ ገብስ ከአውድማ ሳይነሣ ለዕዳ ሄደ፤ አጫጁም ባዶ እጁን ቀረ። እኛ የበላነውን ድግስ የከፈለልን ያ ልጅ ነው ማለት ነው። ከድንኳኑ ስንወጣ «አባቱን አኮራ» ያልነው እኛ ነን። እንዲያ ባንል ኖሮ በሬውን ይሸጥ ነበር? ፍትሐቱ ለነፍስ ይጠቅማል፤ ድሆችን ማብላቱም ጽድቅ ነው። ጎረቤት እንዳያማን ብለን የምንደግሰው ግን ለሟቹ ምን ይረባዋል?

መጠን ማወቅ ለመንዝ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሣር መሬታችንን ጓሳን ተመልከቱ። አባቶቻችን በቀሮ ሥርዓት አለቃ መርጠው ያንን ሰፊ መሬት ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ እስኪደርስ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይገባም። ሲከፈት ባለ መብቱ ሁሉ በደንቡ ያጭዳል፤ ቤቱን ይከድናል፣ ገመዱን ይገምዳል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም ሕዝቡ ቆይቶ በአዲስ ደንብ መልሶ ጥበቃውን ይዞታል። ሣሩም፣ ጭላዳውም፣ ቀይ ቀበሮውም እስከ ዛሬ አሉ። ለሣር እጃችንን መሰብሰብ ከቻልን ለድግስ ያቅተናል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ከመጀመሪያዎቹ ምእመናን መካከል ችግረኛ እንዳልነበረ ተጽፏል። ሁላችን የምንወደው ቃል ነው። ምዕራፍ 6ን ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። በዚያው ማኅበር ውስጥ በየዕለቱ ምግብ ሲታደል ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻቸው ችላ ስለ ተባሉ አጉረመረሙ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን ዝም በሉ አላሏቸውም። ሰባት የተመሰከረላቸው ሰዎች አስመረጡና ሥራውን ሰጧቸው፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነርሱ አንዱ ነው። እኛ ዘንድ የሚያጉረመርም የሌለው ሁሉ ነገር ደኅና ስለ ሆነ ነው? ወይስ አጫጁና የቤት ሠራተኛዋ ሰንበቴ ቤት ገብተው የሚቀመጡበት ቦታ ስለሌላቸው?

ስለዚህ ከሙሴውና ከካህናቱ ጋር የመከርንበትን ላቅርብ። ከእንግዲህ ማኅበርተኛ ሲሞትበት ተዝካሩን ብቻውን አይደግስም፤ ሰንበቴው እንጀራውንና ወጡን አዋጥቶ ለካህናትና ለነዳያን ያበላል፣ ከዚያ ያለፈ ድግስ አይኖርም። የቀን ሠራተኛ የቀጠረ በዕለቱ ይከፍላል፤ ካጠረው ከማኅበሩ ሣጥን ያለ ወለድ ይበደርና ይከፍላል። ለዘር እጥረትም ሣጥኑ እንዲሁ ይከፈታል። ቤት የምታከራዩ ደግሞ፣ በተለይ ደብረ ብርሃን ቤት ያላችሁ፣ ተፈናቅሎ በመጣ ወገናችን ላይ ኪራይ አትጨምሩ፤ ይህንን በማኅበሩ ደንብ ማስገደድ አንችልም፣ እንለምናችኋለን።

አጫጁ ደመወዙን ለገና ዋዜማ አግኝቷል። ለእናቱ የበግ ጠጉር ባና ገዝቶ ወደ አገሩ ሲሄድ በመንገድ አገኘሁት፤ ባናውን ከትከሻው አውርዶ አስዳሰሰኝ።

ይህን ታሪክ እንድናገር የፈቀደልኝ ባለ ማሳው ራሱ ነው፤ እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል። ቃለ ጉባኤው ላይ መጀመሪያ እኔ ልፈርም ብሏል። ቀጥሎ እኔ እፈርማለሁ።