ታሪክ በልጅ ቁመት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ! እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የሊቀመንበር ንግግር ሲረዝም ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ከኋላ ወንበር ስልክ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ።

ዘንድሮ ለማኅበራችን የደረሱትን የልጆችና የወጣቶች ታሪካዊ ልብወለድ ረቂቆች አንብበናል። የተለፋባቸው ናቸው። ግን አንድ ዓይነት ልጅ እየደጋገመ ይመጣል። ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ንጉሥ ይመክራል፣ የጦር አለቃውን ስሕተት ያርማል፣ ከዚያ ስለ እኩልነት ንግግር ያደርጋል። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ልጅ አይደለም፤ ቁመቱ ያጠረ ደራሲ ነው።

ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት በ1814 የመጀመሪያ ታሪካዊ ልብወለዱን ሲያወጣ (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) በታሪክ የሚታወቀውን ልዑል ቻርልስን ዋና ገጸ ባሕሪ አላደረገውም። ከፊት ያቆመው በሁለት ወገኖች መሀል የሚዋልል አንድ ተራ ወጣት መኮንን ነው። የልዑሉን መጨረሻ ማንም ያውቀዋል። የፈጠራው ወጣት ግን ይሙት ይዳን አናውቅም፤ ገጹን የሚያስገልጠን እሱ ነው። ለልጆች ሲሆን ይህ ብልሃት የበለጠ ይሠራል። ልጅ ጦርነት አያውጅም፣ ግብር አይጥልም፤ መዘዙ ግን ቤቱ ድረስ ይመጣበታል።

«የጥንት ልጆችን ከየት እናምጣቸው?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ልጅ ብዙም አልጻፈም። ፈልጎ የሚያገኝ ግን አይጠፋም። በ1956 ኖቭጎሮድ በምትባለው የሩሲያ ከተማ ቆፋሪዎች በርች ከሚባል ዛፍ የተላጡ ቅርፊቶች አገኙ። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የልጅ ደብተር በሏቸው። ባለቤታቸው ኦንፊም ይባላል፤ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ፊደሉን ይጀምርና መሀል ላይ ይሰለቸዋል። ከዚያ ሥዕል! ፈረስ ላይ ሆኖ ጠላቱን በጦር የሚወጋ ሰው ሥሎ አጠገቡ የራሱን ስም ጽፏል። ሌላው ቅርፊት ላይ አንገተ ረጅም፣ ጅራቱ የተጠማዘዘ ፍጥረት አለ፤ «እኔ አውሬ ነኝ» ይላል። የሚሥላቸው ሰዎች የጣት ቁጥር ደግሞ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ይለያያል። ኦንፊም ንጉሥ አይመክርም። ጀግና መሆን ግን ያምረዋል። ልዩነቷን ልብ በሉልኝ።

የባሰም አለ። በ1842 የእንግሊዝ ፓርላማ ሴቶችን በሙሉና ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ወንዶችን ከመሬት በታች ከሚገኝ የከሰል ማዕድን ሥራ አገደ። ከሕጉ በፊት መርማሪዎች ልጆቹን እራሳቸውን ጠይቀው ቃላቸውን መዝግበዋል። የትንንሾቹ ሥራ የአየር መቆጣጠሪያ በሮቹን መክፈትና መዝጋት ነበር። ጋሪ ሲመጣ ይከፍታሉ፣ ሲያልፍ ይዘጋሉ። በተረፈ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ነው። ደራሲው ለዚያ ልጅ የትግል ንግግር ከሰጠው አበላሸው። ጋሪው መምጣቱን ልጁ በምን እንደሚያውቅ ቢያሳየን ግን እኛም አብረነው እንቀመጣለን። «ልጆች ይከብዳቸዋል፣ እናለሳልሰው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የደረሰው በልጆች ላይ ነው፤ ልጆች ቢያነቡት ምን ነውር አለው?

ሌላው ደራሲዎቻችን የሚዘነጉት ወሬ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ነው። ከቴሌግራፍ በፊት ወሬ ብዙውን ጊዜ ከፈረስና ከመርከብ አይፈጥንም። አሜሪካና እንግሊዝ የሰላም ውላቸውን በታኅሣሥ 24 ቀን 1814 አውሮፓ ውስጥ ጌንት በምትባል ከተማ ፈረሙ። በጥር 8 ቀን 1815 በአሜሪካዋ ከተማ ኒው ኦርሊንስ ላይ በሁለቱ መካከል ከባድ ውጊያ ተደረገ። ወሬው ውቅያኖሱን ገና አላቋረጠም ነበር! እዚያ ከተማ አባቷን የምትጠብቅ ልጅ አስቡ። አንባቢው የሰላም ውሉ መፈረሙን ያውቃል፣ እሷ አታውቅም። ከዚህ በላይ ልብ የሚሰቅል ነገር መፍጠር ምን ያስፈልጋል?

በነገራችን ላይ፣ ኮሎምበስ በ1492 ባሕሩን ሳይሻገር በቆሎ፣ ድንችና በርበሬ ከአሜሪካ ውጪ አታብቅሉብን። ተጭሮ የሚነድ ክብሪትም ገበያ የወጣው በ1827 ነው። ከዚያ በፊት እሳት የሚለኩስ ልጅ በባልጩትም ሆነ በጎረቤት ፍም፣ መላውን ይፈልግ።

አንድ ልማድ ደግሞ እናስገባ። መጽሐፉ ሲያልቅ የደራሲው ማስታወሻ ይኑር፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ማን በእርግጥ ነበረ፣ ማን ተፈጠረ፣ የትኛው ቀን ለታሪኩ ሲባል ተገፋ? ልጆች መጽሐፍ ሲዘጉ የሚጠይቁት «የእውነት ነው?» ብለው ነው። ዝም ስንላቸው የፈጠርነውን ሁሉ ታሪክ ነው ብለው ይዘውት ያድጋሉ።

ጠዋት ረቂቆች ይነበባሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጋር እንወያያለን። ዛሬ ወጣት አንባቢዎችም አብረውን አሉ። «እዚህ ጋ ደበረኝ» ካሉ እባካችሁ አታስረዷቸው፤ ገጹን ጻፉና ያዙት። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል። የመጀመሪያዋ አንባቢ ወደ መድረክ ትምጣልን።