ከ61 ቁልፍ ወደ 88፦ ተንቀሳቃሽ ዲጂታል ፒያኖ ስትገዙ ምን ትሞክራላችሁ?

[ምስል፦ ጣት አንድ ነጭ ቁልፍ ቀስ ብሎ ሲጫን፣ በቅርብ]

ሁለት እጁን አቀናጅቶ የሚጫወት፣ ለስላሳና ጠንካራ ድምፅ መለየት የጀመረ ሰው ባለ 61 ቁልፉ ኪቦርድ ይጠበዋል። ፒያኖውን ከአዲስ አበባ አስመጡት፣ ዘመድ ከውጭ ያምጣላችሁ፣ ወይ እዚሁ ጎንደር ያገለገለ ግዙ፣ መጀመሪያ የምትፈትሹት ቁልፉን ነው። ስንት መቶ ድምፅ አለው የሚለው በኋላ ይደርሳል።

የምትፈልጉት 88 ቁልፍ ከሃመር አክሽን (ቁልፉን እንደ እውነተኛ ፒያኖ መዶሻ የሚያከብድ አሠራር) ጋር ነው። በወፍራሙ ድምፅ በኩል ከበድ፣ በቀጭኑ በኩል ቀለል ይላል። ቀጥሎ የቁልፉን እንቅስቃሴ የሚያነበውን ሴንሰር ጠይቁ። ፒያኖው የሚለካው ጉልበታችሁን ሳይሆን ቁልፉ ሴንሰሮቹን በየተራ ሲያልፍ የፈጀውን ጊዜ ነው። ባለ ሁለት ሴንሰር ቁልፍ ወደ ላይ በደንብ ካልተመለሰ አይደግምም፤ ባለ ሦስቱ ግማሽ መንገድ ላይ ሆኖ ይደግማል። ሮላንድ ኤፍፒ-10 እና ኤፍፒ-30ኤክስ ባለ ሦስት ናቸው፤ ያማሃ ፒ-45 እና ፒ-125 ባለ ሁለት። አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ሲጫወት አንዱን ድምፅ ቶሎ ቶሎ እየደጋገመ የሚያስጌጥ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዋል።

[ምስል፦ በ3፣ 2፣ 1 ጣት አንድ ቁልፍ ሲደገም]

ሚድል ሲን (መሃል ላይ ያለውን ዶ) በ3፣ 2፣ 1 ጣት (በመሃል፣ በጠቋሚ፣ በአውራ ጣት) እየቀያየራችሁ በፍጥነት ደጋግሙ፤ የሚዋጥ ድምፅ አለ? ከዚያ ጣታችሁን በጥቁሮቹ ቁልፎች መሃል ወደ ውስጥ አስገቡና ነጩን በለስላሳው ተጫኑ። የተንቀሳቃሽ ፒያኖ አካል አጭር ስለሆነ ቁልፉ የሚወዛወዝበት ቦታ ለጣት ቅርብ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ይከብዳል። በጣም ከከበደ ተዉት፤ ጥቁር ቁልፍ የሚበዛበት ስኬል ላይ ለስላሳ ድምፅ ይነፍጋችኋል።

ፖሊፎኒ (በአንድ ጊዜ ሊሰሙ የሚችሉ ድምፆች ብዛት) 128 ይበቃል። ስቴሪዮ ድምፅ ለአንድ ቁልፍ ሁለት ስለሚወስድ 64 የተባለው በተግባር 32 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፔዳል ረግጣችሁ ስትጫወቱ ወፍራሙ ድምፅ መሃል ላይ ይቆረጣል።

ብዙ ጊዜ አብሮ የሚመጣው ትንሹ ፔዳል መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው የሚያውቀው። ግማሽ ፔዳል (በከፊል መርገጥን) የሚያነብ ግዙ፤ ፒያኖው እንደሚቀበለውም አረጋግጡ። የሌላ ኩባንያ ፔዳል ሰክታችሁ እግራችሁን ስታነሱ ድምፁ ከረዘመ ፔዳሉ አልተበላሸም፤ ምልክቱ ተገላብጧል። ፒያኖውን አጥፉ፣ ፔዳሉን ሰኩ፣ ሳትረግጡ አብሩ። ካልተስተካከለ ፔዳሉ ላይ ያለውን መቀየሪያ ገልብጡ።

ሰርግ ላይ ወይም ቡድን ውስጥ የምትጫወቱ ከሆነ ወደ ሚክሰር የሚሄድ ላይን አውት (የድምፅ መውጫ) ይኑረው። ኤፍፒ-10 የሄድፎን መውጫ ብቻ ነው ያለው፤ ኤፍፒ-30ኤክስ ላይን አውት አለው። ከማሲንቆ ጋር ለመስማማት ትራንስፖዝ ሁሉንም ድምፅ በግማሽ ቶን በግማሽ ቶን ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ ላነሰው ማስተር ቱን አለ። አንዱን ድምፅ ብቻ ለይቶ ዝቅ ማድረግ ግን ከብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ፒያኖዎች አይጠበቅም። ያ የግድ ከሆነባችሁ ስኬል ቱን ያለው አሬንጀር ኪቦርድ (ምትና አጃቢ አብሮ የሚያሰማ) ይሻላችኋል።

[ምስል፦ የአዳፕተር ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ]

አዳፕተሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካላለ፣ ለምሳሌ 120 ብቻ ካለ፣ በእኛ 220 ላይ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ሲመለስ ትንሽ ጠብቃችሁ ሰኩ። ያለ መብራት መጫወት ለሚፈልግ ካሲዮ ፒኤክስ-ኤስ1100 በ6 ባለ ድርብ ኤ ባትሪ ይሠራል።

ክብደቱንም አስቡ፤ ያማሃ ፒ-225 11.5 ኪሎ፣ ኤፍፒ-30ኤክስ 14.8 ኪሎ ነው። ርዝመታቸው 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከባጃጅ ወንበር ያልፋል። ከፒያሳ ማራኪ ወይም አዘዞ የሚመላለስ ሰው ወፍራም ቦርሳ አብሮ ይግዛ።

ያገለገለ ከሆነ 88ቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ፣ በእኩል ለስላሳነት ተጫኑ። የበጋው አቧራ ከቁልፉ ስር ያለው ጎማ ውስጥ ሲገባ አንዱ ቁልፍ ድንገት ይጮሃል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ ከሆነ ባለሙያ ፈትቶ ያጸዳዋል፤ ዋጋ አስቀንሱበት። ተከታታይ ብዙ ቁልፎች ከሞቱ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ ቦርዱ ወይም ኬብሉ ነውና አትግዙት።