«ማን ነው?»

እንደምን ሰነበታችሁ። ሐኪም ቤት ገብታ የነበረችው የአክስቴ የእታባ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ለዛሬ ያዘጋጀሁትን ትቼዋለሁ። እርሷ «እኔን ካላነሳህ ማን ይሰማሃል?» ማለቷን አልተወችምና፣ ደኅና መሆኗን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኛ አዙሮ በልቧ ደም ስሮች ውስጥ ቀለሙ ሲፈስ አሳየንና «የተዘጋ ነገር የለም» ሲል ዘመዶቻችን በአንድ ድምፅ «ተመስገን!» አሉ። ሐኪሙ ግን አልጨረሰም ነበር፤ የግራው የታችኛው የልቧ ክፍል ከላይ በኩል አጥብቆ ሲኮማተር ጫፉ ተነፍቶ እንደ ቀረ በጣቱ አመለከተን። ኢሲጂውም (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራው) ሆነ የደም ምርመራው ሃርት አታክ ያስመስል ነበር። ሕመሙ ታኮትሱቦ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ሐኪሞች በዚህ ስም የገለጹት ሲሆን፣ ከብርቱ ድንጋጤ ጋር የሚጎርፈው አድሬናሊን የልብን ጡንቻ ለጊዜው ሳያደነዝዘው እንደማይቀር ይታመናል። አብዛኞቹ ታማሚዎች የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች ናቸው። ሠርግን የመሰለ ደስታ እንኳ አልፎ አልፎ ሊያስነሳው ይችላል፤ ስለዚህ ዲቪ ለደረሰውም ሰው ቀስ ብሎ መንገር ሳይሻል አይቀርም።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ዘመዳችን «ድንጋጤ ብቻ ነው እኮ» ሲል በጣም ተናደድኩ። ልብ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት መመለሱ የተለመደ ቢሆንም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የልብ ምት ሊዛባ፣ ደም ሊረጋ፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። ይህን ለማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው የቆመው እኔ በቆምኩበት ጭንቀት ውስጥ ስለ ነበር ተውኩት።

የሚያስጨንቀኝ ግን በሩ ላይ የሆነው ነው። ወንድሟ ደሴ ከተማ ውስጥ ማረፉን እኛ ሰምተን፣ እርሷ እንዳትሰማ ስልኳን ስንጠብቅ አድረን፣ እንደ ወጉ በማለዳ ሽማግሌዎች ይዘን ሜሪላንድ ቤቷ ሄድን። የቡና ረከቦት ልታወጣ ስትል ነበር የደረስነው። በሩን ከፈተች፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱትን ሴቶች፣ ከኋላቸው ቄሱን፣ ከዚያ እኔን አየች። ማንም ሳይናገር «ማን ነው?» አለች። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «እስቲ መጀመሪያ እንቀመጥ» አለ። እርሷም እንደ ገና «ማን ነው?» አለች። ስሙ እስኪጠራ ድረስ ልጆቿን፣ እህቷን፣ ወንድሞቿን፣ ሁሉንም በየተራ የቀበረች ይመስለኛል። ደረቷን የያዘችው ስሙን ከመስማቷ በፊት ይሁን በኋላ፣ እዚያው ቆሜ እያየሁ እንኳ መለየት አልቻልኩም። ወጉ የተሠራው ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ እንዳይሰማ ነው፤ ለዚያም እኮ ነው ሐኪም ቤት ያደረሳት ሰው አጠገቧ የተገኘው። ይህን ሳስብ ትንሽ እረጋጋለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ጉሮሮ መጥረግ ትዝ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ታናሽ እህቷ ደሴ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ የአክስቴ ልጆችም «ለጊዜው አይነገራት» እያሉ ነው። ሕመሙ በአንዳንድ ሰዎች ላይ እንደሚመለስ ሐኪሙ ነግሮናል። ከወዲሁ በጥቂት በጥቂቱ ብንነግራት ይሻል ይሆን፣ ወይስ ያን ጊዜ ጭንቀቱን ማራዘም ይሆናል? እርሷን ራሷን «ክፉ ነገር ቢመጣ እንዴት ቢነገርሽ ትወጃለሽ?» ብዬ ልጠይቃት አስቤም ነበር፤ ነገር ግን ይህን ከአፌ ሳልጨርስ «ማን ነው?» ማለቷ ስለማይቀር…