ዲክሎው ያሳብጠኛል፣ ራሴም አልተወኝም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመሩን የከፈትነው ለራስ ምታት ነበር። ወሬው ግን ቶሎ ወደ ሌላ ሄደ። ከደወሉት ብዙዎቹ «ማስታገሻ አይስማማኝም፣ ምን ይሻለኛል?» የሚሉ ነበሩ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ በአየር ላይ በሰዓት ጥበት የዘለልኩትን ጨምሬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ (ከአዳማ) «34 ዓመቴ ነው። በግራ በኩል ብቻ የሚወቅረኝ ራስ ምታት አለብኝ። ሲብስ ብርሃን ማየት አልችልም፣ ያስመልሰኛል። ራሴን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስሬ ጨለማ ክፍል ውስጥ እተኛለሁ። ክሊኒክ ዲክሎ ወጉኝና ቤት ሳልደርስ ከንፈሬና ዓይኔ አበጠ። ሌላ ጊዜ ኢቡፕሮፌን ውጬ ያው ሆነ። አሁን በየቀኑ ፓራሲታሞል ነው የምውጠው። እሱም መሥራት አቁሟል።»

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ነገር አንድ ችግር አይደለም። እየነጠልን እንየው።

መጀመሪያ እብጠቱ። ዲክሎፌናክ (ዲክሎ የምትሉት) እና ኢቡፕሮፌን ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነው። አስፕሪን፣ ናፕሮክሲንና ኢንዶሜታሲንም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ሁሉም ኮክስ 1 የሚባለውን ኢንዛይም ያግዳሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ኢንዛይሙ ሲታገድ ሊኮትሪን የሚባሉ ኬሚካሎች ከልክ በላይ ይመረታሉ። ፊት የሚያሳብጠው፣ ቆዳ ላይ ሽፍ የሚያደርገው፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረው በአብዛኛው እሱ ነው። ስለዚህ በሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ያበጠ ሰው «እስቲ ሦስተኛውን ልሞክር» ማለት የለበትም። መርፌም ሆነ ክኒን ለውጥ የለውም። የዲክሎፌናክ ቅባትም ቢሆን ጥቂቱ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ተይው።

በአንዱ ብቻ የሚያብጡ፣ ሌሎቹን ያለ ችግር የሚወስዱ ሰዎችም አሉ። ያንን ማጣራት ግን የሆስፒታል ሥራ ነው። ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ፓራሲታሞል ይህን ኢንዛይም የሚነካው በደካማው ነው። ለዚህ ነው እንዳንቺ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው። ጥቂቶች ግን በአንዴ 1000 ሚሊግራም ሲወስዱ ሊያብጡ ይችላሉ። ስለዚህ ባለ 500ውን አንድ ፍሬ ወስዶ ማየት ይሻላል። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ጉበት ላይ ችግር ካለ ወይም መጠጥ የሚዘወተር ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በየቀኑ ነው የምትወስጂው። ራስ ምታት ያለበት ሰው ፓራሲታሞልን በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ላለፈ ጊዜ ከወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ይወልዳል። ትራማዶል የተባለው ብርቱ ማስታገሻና ካፌይን (ቡና ውስጥ ያለው ማነቃቂያ) ያለባቸው ቅይጥ ማስታገሻዎች ላይ ገደቡ ከዚህም ያንሳል፤ ይህን ራስ ምታት ለማምጣት በወር 10 ቀን መውሰድ ይበቃል። ጠዋት ሲነሱ ያማል፣ ይዋጣል፣ ትንሽ ቀለል ይላል፣ በነጋታው ያው። «መሥራት አቁሟል» ያልሽው ይህ ይመስለኛል። መፍትሔው ማቆም ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ ሕመሙም ይብሳል። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተነጋግረሽ፣ ሥራ የማይበዛበትን ሳምንት መርጠሽ ጀምሪ።

ከነገርሽኝ ስነሳ ሕመሙ ማይግሬን ይመስላል። ለማይግሬን ደግሞ ከዚያ ቤተሰብ ውጪ ብዙ መድኃኒት አለ። ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎቻችሁ ፕላሲል የምትሉት፣ ማስመለሱን ብቻ ሳይሆን ሕመሙንም ያስታግሳል። ሱማትሪፕታን የሚባለው የማይግሬን መድኃኒት ከእነ ዲክሎ ጋር ዝምድና የለውም። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን አይወስደውም።

እኔ ግን ካንቺ ጋር ብቀመጥ ብዙውን ሰዓት የማጠፋው ስለ መከላከያው በማውራት ነው። ማስታገሻ የማይስማማው ሰው ሕመሙ እስኪመጣ መጠበቅ አይጠቅመውም። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ ይወሰዳል። ርካሽ ነው፣ በአገራችንም ይገኛል። ችግሩ መድኃኒት ቤት ሲገዛ «ይሄ የድብርት መድኃኒት ነው» ይባላል። ሰውዬው «አብደሃል ተብዬ ነው እንዴ?» ብሎ ተናዶ ይመለሳል። አይደለም። በትልቅ መጠን ለድብርት፣ በትንሽ መጠን ለራስ ምታት ነው። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ለውጡም በሳምንት አይታይም፤ ሁለት ወር ያህል መታገስ ይጠይቃል። እርግዝና ካሰብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ከመከላከያዎቹ ውስጥ እንደ ቫልፕሮት ያሉ ፅንስ የሚጎዱ አሉና።

ጥያቄ፦ (ከሐዋሳ) «ዲክሎ ስውጥ ጨጓራዬ ይነዳል። ካርዴ ላይ አለርጂ ተብሎ ይጻፍልኝ?»

መልስ፦ አይጻፍ። ጨጓራ ማቃጠል አለርጂ አይደለም፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሁለቱን የምንለየው አለርጂ ተብሎ በስህተት የተጻፈ ነገር አንድ ቀን የሚያስፈልግዎትን መድኃኒት ስለሚያስከለክልዎ ነው። «ጨጓራ ያማል» ተብሎ ይጻፍ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ (ከባሕር ዳር) «አስፕሪን ያሳብጠኛል። እህቴ ከአሜሪካ አድቪልና ኤክሴድሪን ላከችልኝ። የውጭ ስለሆነ ይሻላል አይደል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኢንዛይሙ የተሠራበትን አገር አይጠይቅም። አድቪል ኢቡፕሮፌን ነው። አሊቭ ናፕሮክሲን ነው። ኤክሴድሪን ማይግሬን በአንድ ፍሬ ውስጥ 250 ሚሊግራም አስፕሪን፣ 250 ሚሊግራም ፓራሲታሞልና 65 ሚሊግራም ካፌይን ይዟል። ላንተ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ተራው ታይሌኖል ግን ፓራሲታሞል ብቻ ነው። ከእስራኤል ለሚላክላችሁ ደግሞ፦ አካሞል ፓራሲታሞል ነው፣ ኑሮፈን ኢቡፕሮፌን ነው። ኦፕታልጊን ሌላ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም በእነ አስፕሪን የሚያብጥ ሰው በእሱም ሊያብጥ ስለሚችል ሳይጠይቅ አይውሰድ። ከዓረብ አገር የሚመጣው ፓናዶል ኤክስትራ ፓራሲታሞልና ካፌይን ነው። አያሳብጥህ ይሆናል፣ ከተዘወተረ ግን ቅድም ያልኩትን ራስ ምታት ያመጣል።

ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስሙ ነው። አንተ የምትፈልገው ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ያለውን ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መድኃኒት በፍሬ እንገዛለን። ስትሪፑ በመቀስ ተቆርጦ ሁለት ፍሬ ይሰጠናል፣ ስሙ ያለበት ጫፍ መድኃኒት ቤቱ ጋ ይቀራል። አለርጂ ያለበት ሰው ስሙ ያልተነበበ ክኒን አይውጥ። ስሙ ያለበት በኩል ይቆረጥልኝ በል፤ ካልሆነ ወረቀት ላይ ይጻፉልህ። የጉንፋን መድኃኒቶችንም አገላብጠህ አንብብ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ኢቡፕሮፌን አለ።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) «ሳይነስ አለብኝ። ግንባሬን ይጫነኛል፣ አፍንጫዬ ሁሌ ዝግ ነው፣ ሽታ ከጠፋብኝ ቆየ። አስምም አለብኝ። አንዴ አስፕሪን ወስጄ ደረቴ ታፍኖ ድንገተኛ ክፍል አደርኩ።»

መልስ፦ እዚህ አገር ግንባሩን ያመመው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። አብዛኛው ሲመረመር ማይግሬን ሆኖ ይገኛል። የእርስዎ ግን ከዚያ ይለያል። አስም፣ አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋና የአስፕሪን አለመስማማት አንድ ላይ የሚመጡበት የታወቀ ሕመም አለ። አፍንጫዎ ውስጥ ሥጋ መኖሩን ያየ ሐኪም ከሌለ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በአፍንጫ የሚነፋ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ብዙ ሰው ይረዳል፣ ለአንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። አስሙ በደንብ ከተያዘና አፍንጫው ከተከፈተ ግንባር ላይ ያለው ጫናም ሊቀል ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። ለማይግሬን መከላከያ ፕሮፕራኖሎል በብዛት ይታዘዛል። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለአስም ሕመምተኛ ግን የአየር ቧንቧ ያጠባል። በአስፕሪን የታፈነ ሰው ከዚያ ሸሽቶ እዚህ እንዳይወድቅ፣ «አስም አለብኝ» የሚለውን ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ (ከጎንደር፣ እናት) «በጾም ወራት እኩለ ቀን ላይ ራሴ ይፈርጣል። ድሮም ያመኝ ነበር፣ በጾም ይብሳል። ፓራሲታሞል ስውጥ ደግሞ ያሳክከኛል።»

መልስ፦ እናቴ፣ ቡናዎን ስንት ሰዓት ነው የሚጠጡት? (ጠዋት ሦስቱንም እንደሚጠጡ፣ በጾም ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማይቀምሱ ነገሩኝ።) እንግዲያው አንዱ ምክንያት ቡናው ነው። ቡና የለመደ ሰው ሲቀርበት ራሱን የሚያመው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ ለቀናትም ሊቆይ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ ሳምንትና ሁለት ሳምንት አስቀድመው ከሦስቱ በረካን፣ ከዚያ ቶናን እያስቀሩ ይምጡ። አቦሉን ደግሞ ወደ ከሰዓት ይግፉት። ማታ ውኃ በደንብ ይጠጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለዎት ሕመም ነውና ንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ማሳከኩን በተመለከተ፣ ፓራሲታሞሉን ለጊዜው ይተዉትና የዋጡትን ክኒን ከነማሸጊያው ይዘው ለሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ (በአጭር መልእክት) «በደም ምርመራ የትኛው ማስታገሻ እንደማይስማማኝ ይታወቃል?»

መልስ፦ ለእነ ዲክሎና አስፕሪን ቤተሰብ የሚታመን የደም ምርመራ የለም። ዋናው ማስረጃ የራስዎ ታሪክ ነው። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን እንደሆኑ ይጻፉ። ሲያብጡ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። እርግጠኛ መሆን ካስፈለገ በሆስፒታል፣ ለከባድ አለርጂ የሚወጋው አድሬናሊን አጠገብ ተዘጋጅቶ፣ በትንሽ በትንሹ እየተሰጠ ይሞከራል። ኮክስ 1ን እምብዛም የማይነካውን ሴሌኮክሲብ የተባለ ማስታገሻ አብዛኛው ሰው ይችለዋል፤ የመጀመሪያውን ፍሬ ግን በሐኪም ዓይን ሥር ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ (ከአዲስ አበባ) «ጓደኛዬ ትራማዶል ውሰድ አለኝ።»

መልስ፦ ጓደኛህን ይቅርብኝ በለው። ሱስ ያስይዛል፣ ራስ ምታቱንም ያባብሳል።

በመጨረሻ የደወለች አድማጭ «መቼ ነው የምደነግጠው?» አለችኝ። መድኃኒት ወስደሽ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስሽን ልትስቺ ከሆነ፣ ሴትሪዚን የተባለውን የአለርጂ ክኒን ውጦ መጠበቅ የለም። የሚያስፈልገው በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሩጪ። ራስ ምታቱ ደግሞ እንደ መብረቅ በድንገት ከመጣ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር ከሆነ፣ እጅ እግር ካዛለ፣ ዓይን ከጋረደ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ ከጀመረ ወይም እርጉዝ ሆነሽ ከበረታብሽ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ታዪ። ክሊኒኩ ውስጥም መርፌው ከመቀዳቱ በፊት «ዲክሎ ያሳብጠኛል» በዪ፤ ካርዱ ላይ ተጽፏል ብለሽ ዝም አትበዪ።