ቶሎ የሚሠራውና ቀስ ብሎ የሚሠራው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ መድኃኒቶቼ ላወራችሁ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ እንዳለብኝ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከበሽታ ሊጠብቀኝ የሚገባው የሰውነቴ መከላከያ ዞሮ መገጣጠሚያዎቼን ያጠቃል።

መጀመሪያ የጀመርኩት ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት እብጠት አብራጅ መድኃኒቶች አንዱ። እውነቱን ለመናገር፣ እሱን ማማት ይከብደኛል። በጥቂት ቀን ውስጥ የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ መቆለፍ ቻልኩ። በ1948 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ሄንች በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኮርቲዞን ለአንዲት ታማሚ ሰጣት። መራመድ ያቃታት ሴት በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ሄንች በ1950 ኖቤል ተሸለመ። ጣጣው ቆይቶ ነው የመጣው። በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ ፊት ያሳብጣል። ደግሞ በራስ ፈቃድ ድንገት አይቆምም፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው።

ዋናው መድኃኒቴ ግን ሜቶትሬክሴት ነው። እህቴ ስሙን ጉግል አድርጋ፣ «የካንሰር መድኃኒት እኮ ነው! አብደሻል እንዴ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም፣ ለካንሰርም ይሰጣል። ለእኛ የሚታዘዘው መጠን ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ያውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ይቺን ደግሜ ልበላት፦ በሳምንት አንድ ቀን። በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞት ይችላል። እኔ ዓርብን መርጬ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጽፌበታለሁ። የማቅለሽለሹን ነገር ለማቅለል ፎሊክ አሲድ ታዞልኛል። ጉበቴና ደሜ በየጊዜው ይመረመራል። እርግዝና ለምታስቡ ደግሞ፣ ጽንስ ስለሚጎዳ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

የሚያሰለቸው መጠበቁ ነው። ለውጡ እስኪታወቅ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መገጣጠሚያው እንዳይበላሽ የሚታገለው ይኸው ዘገምተኛ ነው። ፕሬድኒሶሎን እሱ እስኪደርስ ነው የሚያሻግረኝ።

ሜቶትሬክሴት ካልበቃስ? እንደ አዳሊሙማብ ያሉ መርፌዎች አሉ። ቲኤንኤፍ የሚባለውን እብጠት የሚያባብስ ንጥረ ነገር ያግዳሉ። ችግሩ፣ ሰውነታችን ቲቢን አፍኖ ለመያዝም ይኼንኑ ቲኤንኤፍ ይፈልጋል። ቲቢ በሞላበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የተደበቀ ቲቢ እንደሌለባችሁ ተመርመሩ። ዋጋውንማ ተዉት፣ እሱ ራሱን የቻለ ክፍል ይወጣዋል።

ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ። «ስንት ሚሊግራም ልውሰድ?» ብቻ አትበሉኝ፤ እሱ የሐኪማችሁ ነው። ቸር ሰንብቱ።