ብረት ነው የተባለው ዛፍ ለምን ይበሰብሳል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ የምናወራው «የብረት እንጨት» ስለሚሉት ዛፍ፣ ስለ ሆርንቢም ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካርፒነስ። ስሙን ባታውቁትም ችግር የለውም፣ መጀመሪያ ግንዱን እዩልኝ።

አያችሁ? ክብደት የሚያነሳ ሰውዬ ክንዱን ሲያጥፍ አስቡት። ጡንቻው ተወጥሮ እንዴት ነው የሚወጣው? ይኸው ነው። ልጡ ለስላሳ፣ ግራጫ። ከልጡ ሥር ግን ግንዱ ድቡልቡል አይደለም፣ እዚህ ጋ ያብጣል፣ እዚያ ጋ ገባ ይላል፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትዳብሱት የሆነ ሰው ክንድ የያዛችሁ ነው የሚመስላችሁ። አሜሪካኖች የእነሱን ዝርያ «የጡንቻ እንጨት» ይሉታል። እኔ ብሆን «ጂም የገባው ዛፍ» ነበር የምለው። እሺ፣ ይበቃኛል።

ሳይንሱን በሩጫ። ቤተሰቡ በርች የሚባለው ዛፍ ቤተሰብ፣ ዝርያው 40 ገደማ፣ አብዛኛው ምሥራቅ እስያ። ወንዴውም ሴቴውም አበባ አንድ ዛፍ ላይ፣ አዳቃዩ ነፋስ። ቅጠሉ ጠርዙ መጋዝ ነው፣ ያውም ጥርሱ ላይ ሌላ ጥርስ። በዚህ ነው ቢች ከሚባለው ተመሳሳይ ዛፍ የምትለዩት። አለቀ።

አሁን ወደ እናንተ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ስንቱ ነው «የብረት እንጨት ከተባለማ አይበሰብስም፣ ለአጥር ቋሚ አሪፍ ነው» ብሎ የጻፈው! ኧረ በፍጹም! አፈር ውስጥ ቅበሩትና ታዩታላችሁ፣ ቶሎ ነው የሚበሰብሰው። ጥንካሬ ሌላ፣ አለመበስበስ ሌላ። ጠንካራ የሆነው ጭረቱ ጥቅጥቅ ብሎ ስለተጠላለፈ ነው። ብስባሴን የሚከላከለው ግን ዛፉ ግንዱ ውስጥ የሚያጠራቅመው ኬሚካል ነው፣ ኦክ የሚባለው ዛፍ እሱ በደንብ አለው፣ ሆርንቢም ላይ ግን የለም በሉት። እንጨቱን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ደግሞ ጡንቻ አይፈራም፣ መርዝ ነው የሚፈራው።

ደረቅ ቦታ ግን ማን ይችለዋል! በድሮ የአውሮፓ ወፍጮዎች ትልቁ የብረት መዘውር ላይ ጥርሶቹን ከሆርንቢም ጠርበው ይሰኳቸው ነበር። ብረት ከብረት ሲፋጭ ጆሮ ይበጥሳል፣ እንጨት ከብረት ግን ዝም ይላል። ደግሞ የሆነ ነገር ከተቀረቀረ የምትሰበረው ያቺ ጥርስ ናት፣ ነቅሎ ሌላ መሰካት ብቻ። ቀንበሩም፣ የሥጋ መክተፊያ ግንዱም፣ ፒያኖ ውስጥ መዶሻዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ጥቃቅን ክፍሎችም ከዚሁ እንጨት ይሠራሉ።

የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ዘመዱ፣ ኦስትርያ (Ostrya) ስለሚባለው ዛፍ ነው፣ ፍሬውን ከረጢት ውስጥ ስለሚደብቀው። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የአጥር ቋሚውን ነገር ግን በቃ ተዉኝ!