የፖርቱጋል ልዕልቶች ለማን ተዳሩ?

[ምስል፦ የድሮው የሊዝበን ወደብ]

ጊዜው 1514 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ከብዙ እንግልት በኋላ ሊዝበን ገባ። የያዘው ደብዳቤ እቴጌ እሌኒ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለቀዳማዊ ማኑኤል የላኩት ነው። ዋናው ነገር የጦር ኅብረት ነበር። ግን እዚያው ውስጥ ሌላም ሐሳብ አለ፦ ልጆቻችንን እናጋባ።

ጋብቻው አልሆነም። ማኑኤል ያኔ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ነበሩት። ኢዛቤላ 10 ዓመቷ፣ ቤያትሪስ 9። ቤያትሪስ በ1521 ለሳቮይ መስፍን ተዳረች። እኔ ኢዛቤላ ጋ ልቆይ።

መጀመሪያ ግን ቤቱን እንወቀው። ማኑኤል ሦስት ጊዜ አግብቷል። የመጀመሪያዋ የስፔን ልዕልት ነበረች፤ በወሊድ ሞተች። እህቷን ማሪያን አገባ። ማሪያም ስትሞት የሁለቱን የእህት ልጅ አገባ! እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው። እነዚህ ሰዎች ግን ከአንድ ቤት አልወጡም። የፖርቱጋልና የስፔን ነገሥታት አንዱ የሌላውን ዙፋን በውርስ ለማግኘት ይመኙ ነበር። ዝምድናው ሲቀርብ ከሮም የጳጳሱ ፈቃድ ይመጣል፣ ሠርጉ ይቀጥላል።

[ምስል፦ የሴቪያ ቤተ መንግሥት ግቢ]

የኢዛቤላ እጮኛ ቻርልስ አምስተኛ ነው፤ የስፔን ንጉሥ፣ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት። የአክስቷ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ለእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ ለሜሪ ታጭቶ ነበር፤ እሷ ግን ገና ሕፃን ናት። ቻርልስ ደግሞ ለጦርነቱ ገንዘብ በጣም ያስፈልገዋል። ፖርቱጋል 900,000 የወርቅ ዶብላ ማጫ አቀረበች፣ ያውም ከሴቷ ወገን። በዚህ ላይ የኢዛቤላ ወንድም ዦአው ሦስተኛ የቻርልስን እህት ካታሊናን አግብቷል። እህት ሰጥቶ እህት መቀበል በሉት።

በመጋቢት 1526 ቻርልስ ሴቪያ ገባ። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። በዚያው ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ተጋቡ።

ደስ የሚለው ነገር፣ ተዋደዱ። ግራናዳ ሄደው አልሐምብራ ግቢ ውስጥ ወራት አሳለፉ። በ1527 የበኩር ልጃቸው ፊሊፕ ተወለደ። ምጡ ረጅም ነበር። ኢዛቤላ ፊቷ ላይ ሕመሙ እንዳይታይ ብርሃኑን አስቀነሰች ይባላል። አዋላጇ «ጩኺ፣ ይቀልሻል» ስትላት፣ በፖርቱጋልኛ «እሞታለሁ እንጂ አልጮህም» አለቻት ተብሎ ይተረካል።

በ1529 ቻርልስ ወደ ጣሊያን ሄደና አራት ዓመት ሳይመለስ ቀረ። ስፔንን እንደራሴ ሆና የመራችው እሷ ናት። እኔ ይህቺን ሴት ሚስት ብቻ አድርጎ መተረክ ይከብደኛል፤ አገር አስተዳድራለች።

ግንቦት 1 ቀን 1539 ቶሌዶ ውስጥ፣ ልጇ ሞቶ ከተወለደ በኋላ አረፈች። ዕድሜዋ 35 ነበር። አስከሬኑን ግራናዳ ያደረሰው ከመኳንንቱ አንዱ፣ ፍራንሲስኮ ደ ቦርሃ ነው። የሬሳ ሣጥኑ ሲከፈት ፊቷ የሚታወቅ አልነበረም። እሱም ኋላ የመነኩሴ ሕይወት መረጠ፤ ካቶሊኮች ዛሬ ቅዱስ ይሉታል።

[ምስል፦ በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ያለው የኢዛቤላ ሥዕል]

ይህን የሣለው ቲሺያን ነው፣ በ1548፤ ከሞተች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። በአካል አይቷት አያውቅም። ባሏ ግን ፊቷን ማየት ፈለገ። ሌላ ሴትም አላገባም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ያው ስምምነት ልጆቹ ላይም ተደገመ። በ1543 ፊሊፕ የዦአውንና የካታሊናን ልጅ ማሪያ ማኑኤላን አገባ። ሁለቱም 16 ዓመታቸው ነበር። በአባትም በእናትም የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። በ1545 ማሪያ ማኑኤላ ወንድ ልጅ ወለደች። በአራተኛው ቀን ሞተች፣ በ17 ዓመቷ።

[ምስል፦ የዘር ሐረግ፣ ከልጁ ወደ ላይ እየወጣ]

ልጁ ዶን ካርሎስ ተባለ። አንድ ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። የእሱን ቁጠሩልኝ፦ የቻርልስና የካታሊና ወላጆች ፊሊፕ (የአባቱ ሞክሼ) እና ሁዋና፣ የኢዛቤላና የዦአው ወላጆች ማኑኤል እና ማሪያ። አራት።